ስምንተኛው ጎን

ቤቴ ውስጥ ስምንት ጎን ያለው ጠረጴዛ አለ። ሰባቱ ጎን ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን እንደ ልቡ ያንቀሳቅሳል። ስምንተኛው ላይ የተቀመጠ ግን ትንሽ ቆይቶ ጉልበቱን ይመታና «ይሄን ነገር አትቆርጠውም እንዴ?» ይለኛል። እቆርጠዋለሁ እላለሁ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። መጋዝ አለኝ፣ ብርጭቆ ወረቀት አለኝ፣ ጊዜም አለኝ። እስካሁን ግን አልቆረጥኩትም። ለምን እንዳልቆረጥኩት ለጓደኞቼ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ጠረጴዛው የፖከር ጠረጴዛ ነው። የካርታ። ይህን ቃል እንዲህ በግልጽ መጻፍ አሁን ቀሎኛል። ባለፈው ጥር ግን ከአፌ አልወጣ ብሎ ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

## ፍራሽ ላይ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ማታ የሚያመሽበት ቦታ የሚፈልግ ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ አጥንት ድረስ ይገባል። ፀሐይ ከጠለቀች ሰው ወደ ቤቱ ነው። እኛ ከልጅነት ጀምሮ የምንተዋወቅ ሰባት ጓደኛሞች ነን። አንዱ የሒሳብ መምህር ነው፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ሁለቱ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፣ ሌሎቻችንም የየራሳችን ነገር አለን። ከእናቴ ግቢ ጥግ ላይ የራሴ ክፍል ስላለችኝ የምንሰበሰበው እኔ ጋ ነው።

ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰው ጓደኛችን ነው ጨዋታውን ያመጣው። ከሻንጣው ውስጥ አንድ የብረት ሳጥን አወጣ። ሁለት ደስታ ካርታና ሦስት መቶ ክብ ክብ ማስያዣ። እንደ ገበጣው «ጠጠር» አልናቸው፤ ስሙ በዚያው ጸና። ጨዋታው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይዞ ይደብቃል። መሐል ላይ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። በየመሐሉ ጠጠር ታስይዛለህ ወይም ካርታህን ጥለህ ትወጣለህ። መምህሩ በመጀመሪያው ማታ ስልኩን አውጥቶ አሰላ። ከ52 ካርታ አምስት አምስት እያደረግክ 2,598,960 ዓይነት እጅ ታወጣለህ፣ ከሁሉም የሚበልጡት ግን አራት ብቻ ናቸው አለን። ዝም አልን። የባጃጁ ልጅ «ታዲያ እነሱን ስንጠብቅ ነው የምናረጀው?» አለ። አይደለም። ፖከር ያለህን ካርታ ከመጠበቅ ይልቅ የሌለህን እንዳለህ ማሳመን ይበዛበታል። እኔን የያዘኝም እሱ ነው። የሰውን ፊት ለሰዓታት ማንበብ። ሃያ ዓመት የማውቃቸውን ጓደኞቼን ፊት እንደ አዲስ ነበር የማየው።

በገንዘብ አንጫወትም። ይህን ከመጀመሪያው ማታ ተስማምተናል። ችግሩ ግን ምንም የማያጣ ሰው አይፈራም። ሁሉም ሁሉንም ያስይዛል፣ ማሳመኑም ማስፈራራቱም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠጠሩ ያለቀበት በሚቀጥለው ሳምንት ቆሎ ቆልቶ ያመጣል፣ ሁለተኛው ሻይ ያፈላል፣ የሦስተኛው ዕጣ ዕቃ ማጠብ ነው። ይህቺ ትንሽ ነገር ጨዋታውን ለወጠችው። ለካ ሰው ገብስ ላለመቁላት ሲል ይህን ያህል ይጠነቀቃል!

የምንጫወተው ግን ፍራሽ ላይ ነበር። ጠጠሩ ይናዳል። ካርታው ከብርድ ልብሱ እጥፋት ስር ይገባል። ጀርባ ይቆለመማል። አንድ ማታ ቁምነገረኛ ጨዋታ መሐል ላይ አንዱ ሲያስነጥስ የተከመረው ጠጠር ሁሉ ተደበላለቀና የማን ስንት እንደነበር መግባባት አቃተን። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጠረጴዛ ልሠራ ወሰንኩ።

## ገመዱ

አንድ ሙሉ ኮምፔልሳቶ ገዛሁ። 122 በ244፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ። ሻጩ ጋ ለሁለት አስቆረጥኩትና በጋሪ ጭኜ ወደ ቤት። ሁለት እኩል አራት ማዕዘን ሆነልኝ። አንዱ ለገበታው፣ አንዱ ለጠርዙ። ሰባት ሰው ነን፣ ስምንተኛው ቦታ የእንግዳ ይሁን ብዬ ስምንት ጎን መረጥኩ። መምህሩ በስልክ ልኩን ላከልኝ። ከየማዕዘኑ 35.7 ሴንቲ ለክተህ ቁረጥ፣ እያንዳንዱ ጎን 50.5 ይመጣልሃል አለኝ። ሒሳቡ ልክ ነበር። እጄ ነው ልክ ያልነበረው። ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ ሁለቱም ጊዜ ተዛነፈ።

ጎረቤታችን አናጺ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አሁን ብዙም አይሠሩም፤ ረፋድ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ ቆይተው ኖሮ ገቡ።

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ጠረጴዛ ነው ጋሼ።»

«ስምንት ጎን?»

«አዎ።»

«ለምንህ ነው?»

እዚች ጋ ነው ነገሩ። መልሱ አንድ ቃል ነበር። ካርታ ልንጫወትበት ነው ማለት ነበረብኝ። የሚሉትን ቢሉ፣ ተቆጥተው ቢሄዱ እንኳ ሌላ አናጺ አላጣም። እኔ ግን «ለምግብ ነው» አልኩ። «እንግዳ ሲመጣ ክብ ሆኖ ለመብላት።» በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው፣ ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጠረጴዛ ነው፣ ሊበላበትም ይችላል።

ደስ አላቸው። ያ ነው የከበደኝ። ፊታቸው በራ። «ደግ አደረግክ፤ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ሲበላ ነው የሚያምርበት» አሉና ጋቢያቸውን ወረወር አድርገው ምስማርና ሲባጎ ጠየቁኝ።

ያደረጉትን ልንገራችሁ፣ ሊጠቅማችሁ ይችላል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መስመር አሰመሩና መሐሉን አገኙ። ምስማሯን አንዱ ማዕዘን ላይ መቱ፣ ሲባጎውን አሰሩባት፣ መሐል ድረስ ዘረጉት። ከዚያ ርዝመቱን ሳይለቁ ወደ አንዱ ጠርዝ አዞሩና ምልክት አደረጉ፣ ወደ ሌላኛውም ጠርዝ አዞሩና ምልክት አደረጉ። አራቱም ማዕዘን ላይ እንዲሁ። ስምንት ምልክት ወጣ። በየማዕዘኑ ያሉትን ሁለት ሁለት ምልክቶች አገናኝቶ ጫፉን መቁረጥ ነው። ሜትር አልነኩም፣ እርሳስና ሲባጎ ብቻ። ሲጨርሱ ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። 35.7።

«ከየት ተማሩት ጋሼ?» አልኳቸው።

በወጣትነታቸው ወደ መንዝ በኩል ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ከባለሙያዎች ጋር ሆነው ነው የተማሩት። ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን። አዲስ አበባ የሄደ ሰው የአራዳውን ጊዮርጊስ አይቶ ይሆናል፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያምም እንደዚያው ስምንት ጎን ናት። መሬት ላይ ችካል ተክለው በገመድ ነበር አሉኝ ልኩን ያወጡት። «ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ትንሽ ከላላ ጌታዬ፣ ጣሪያው ላይ ስትደርስ ጉድ ነው። ጠበቅ አድርገህ ያዝ ይሉኝ ነበር።» ይህን ሲነግሩኝ ሲባጎው እጄ ውስጥ ነበር።

## ጠርዙ

የፖከር ጠረጴዛ ዙሪያውን ክንድ ማሳረፊያ አለው። ይህ ነው ከሌላ ጠረጴዛ የሚለየው። የኔ 14 ሴንቲ ስፋት ነበረው፤ አራቱ ሴንቲ ገበታው ላይ ይተኛል፣ አሥሩ ወደ ውጭ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን የእያንዳንዱ ሰው ቦታ ከ50.5 ወደ 59 ሴንቲ ገደማ ይሰፋል፣ ክርን ከክርን አይጋጭም።

ስምንት ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ጫፍ አለው፣ ጫፉ 22.5 ዲግሪ መቆረጥ አለበት። አሥራ ስድስት ቆረጣ ማለት ነው። እኔ ቸኩዬ 22 ላይ ቆረጥኩት። ግማሽ ዲግሪ ምን ትሆናለች? አሥራ ስድስት ጊዜ ግማሽ ዲግሪ ስምንት ዲግሪ ነች! ሰባቱ መገጣጠሚያ ቆንጆ ሆኖ ገጠመ፤ ስምንተኛው ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቁጭ ብዬ አየሁት፤ እንጨቱ አልቋል፣ ገንዘቡም አልቋል።

እርሳቸው ግን አልተደናገጡም። «አራት አራት አድርገህ አጣብቅ» አሉኝ። ሁለት ግማሽ ሠራን። ኮላው ሲደርቅ የሁለቱን ግማሾች ጫፎች በመላጊያ ቀጥ ባለ መስመር አስተካከሉና ፊት ለፊት ገጠሟቸው። ያ ሁሉ ስህተት ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ተላጨና ጠፋ። ዛሬ የቱ ጋ እንደነበረ ካልነገርኳችሁ አታገኙትም።

እየላጉ ሳለ ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቁኝ። «የምግብ ጠረጴዛ ጠርዙ ለምን ከፍ ይላል?»

ውሸት ብቻውን አይቆምም። «ለጌጥ ነው» አልኩ። ከዚያም ጨመርኩበት፤ «ደግሞ ልጆች እንዳያፈሱ።»

«ለጌጥ ከሆነ ጠርዙን ስል እናድርገው፤ ደብዛዛ ጠርዝ አያምርም» አሉ። እንዳሉት አደረግነው። እግሩንና ከገበታው ስር ዙሪያውን የሚያስረውን ጣውላ ከአሮጌ የጽድ በር አወጡልኝ። ሲጋዝ ግቢው ሁሉ በጽድ ሽታ ታወደ፣ እናቴ ሳትቀር ወጥታ አሸተተች። ማሰሪያውን 12 ሴንቲ አደረጉት። «የምግብ ጠረጴዛ ነው፤ ድስት ይሸከማል፤ ወፈር ይበል» አሉ። እኔ ወፈር አይበል የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ማለት፣ ነበረኝ፤ የምናገረው አልነበረኝም።

የሠሩበትን ልክፈል ስላቸው ተቆጡ። «ስትጨርስ ጠርተህ ታበላኛለህ» አሉኝ።

## ባናው

የቀረውን ማታ ማታ በር ዘግቼ ነው የጨረስኩት። ይህን ስጽፈው እንኳ ደስ አይለኝም።

የካርታ ጠረጴዛ ልብስ ያስፈልገዋል። በውጭ አገር ከጥንት ጀምሮ የሚያለብሱት የሱፍ ጨርቅ ነው፤ አሁን አሁን ካርታው ፈጥኖ እንዲንሸራተት ሰው ሠራሽ ጨርቅ በዝቷል። እኔ ሱፍ ሲባል ሐሳቤ ወዲያው ወደ ባና ሄደ። በግና ሱፍ ባለበት አገር ተቀምጬ ምን እፈልጋለሁ? የመንዝ በግ ጠጉር፣ ሴቶቹ ፈትለውት ሸማኔ የሠራው። ገዛሁና ዘረጋሁት። መልኩ ልብ ይሰርቃል፣ ቡናማና ጥቁር። ካርታ ወረወርኩበት። እዚያው ቆመ። ባና ሻካራ ነው፤ ካርታው አይሄድበትም። ለብርድ የተሠራ ነገር ነዋ።

ሁለት ቀን አሰብኩ። ከዚያ ባናውን ከስር አደረግኩት። ሌላው ሰው ስፖንጅ የሚያደርግበት ቦታ ላይ እኔ ባና ዘርግቼ፣ ከላዩ አረንጓዴ የካፖርት ጨርቅ አለበስኩት። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል። በየጎኑ ወደ ታች የሚታጠፍ 14 ሴንቲ ይተርፋል። መጀመሪያ የአንዱን ጎን መሐል፣ ከዚያ የፊት ለፊቱን ጎን መሐል እየወጠርኩ መታሁ። በአንድ በኩል ጀምሮ ዙሪያውን መሄድ ጨርቁን ያሸበሽባል። አሁን እጃችሁን ስታሳርፉበት ለስላሳ ነው፣ ካርታው ይንሸራተታል፣ ሻይ የፈሰሰበት ቀን ደግሞ የበግ ሽታ ይሸታል። እወደዋለሁ። ጠርዙ ላይ በየሰዉ ቀኝ አንዳንድ ክብ ቀዳዳ ሠርቼ የብረት ኩባያ ከተትኩበት። ሻዩ ከዚያ አይወድቅም።

ከዚያ ክዳን ሠራሁ። ከሌላ ጣውላ፣ ሁለት ቁራጭ በማጠፊያ የተያያዘ፣ ከላይ ሲገጠም አረንጓዴውን የሚሸፍን። ክዳኑን ብቻዬን ነው የሠራሁት፣ ያስታውቃል። ለምግብ ይጠቅማል እያልኩ ነበር ለራሴ። እውነቱን ለመናገር ግን የሠራሁት ለመደበቂያ ነው።

ለምን ደበቅኩት? ብዙ አስቤበታለሁ። ካርታ በኛ ዘንድ ስሙ ቁማር ነው። ስሙም ያለ ነገር አልወጣለትም። ጓደኛችን ደጋግሞ የሚነግረን ታሪክ አለ። በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ክሪስ መኒሜከር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር በኢንተርኔት ውድድር ገብቶ ላስ ቬጋስ ላይ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ነው በየቤቱ ፖከር የተስፋፋው ይላል። እውነት ነው። ግን ይህንኑ ዓይነት ተስፋ ይዘው በየመንደራችን ወደተከፈቱት የኳስ ውርርድ ቤቶች የሚገቡ ልጆች አያለሁ። ወረቀቷን ጨብጠው፣ ደመወዛቸውን ጨርሰው ሲወጡም አያለሁ። ሽማግሌ ሰው ካርታ ሲያይ ያንን ቢያስብ አልፈርድበትም። እኔ ግን የፈረድኩባቸው ገና ሳይናገሩ ነው። አይገባቸውም ብዬ ወሰንኩላቸው።

## ዳግም ትንሣኤ

ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ዳግም ትንሣኤ ዕለት ጠራኋቸው። ክዳኑ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍን። እናቴ ዶሮ ሠርታለች። ጋሼ መጥተው ባረኩ፣ በላን፣ ጠጣን። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየዳበሱ «ሸጋ ሆኗል» አሉ። እናቴ ደግሞ በጎረቤት ሁሉ ፊት ታመሰግናቸዋለች። ምግቡ አልወርድ አለኝ።

ሳህን ሲነሳ የእህቴ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የክዳኑን ጫፍ ይዛ ቀና አደረገችው። «አባባ፣ ከስሩ አረንጓዴ አለ! ካርታ የሚጫወቱበት!» አለቻቸው። ደስ ብሏት ነው፤ ምስጢር መሆኑን ማን ነገራት? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው እያደርም አልሆነ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ጋሼ ክዳኑን በቀስታ ከልጅቷ እጅ ተቀበሉና ሙሉውን ገለጡት። ቤቱ ዝም አለ። ጨርቁን አዩ። ኩባያዎቹን አዩ። ተቀመጡና ሁለት ክንዳቸውን እኛ በምናሳርፍበት ቦታ ላይ አሳረፉ። ቁጣውን ጠበቅኩ። ክንዳቸውን ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ አደረጉት። ከዚያ እግራቸውን አነባበሩ። ጉልበታቸው ማሰሪያውን ሲመታ ሰማሁት።

«ስንት ሰዓት ትቀመጣላችሁ?» አሉኝ።

«ሦስት... አራት ሰዓት ጋሼ።»

«አራት ሰዓት!» ክንዳቸውን አንስተው አሳዩኝ፤ ስሉ ጠርዝ ቀይ መስመር አስምሮበታል። «ይሄ ክንድ ይቆርጣል። ይሄ ደግሞ ጉልበት ይሰብራል። ለምግብ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በልቶ ይነሳል። አራት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ይነባበራል፣ ይደገፋል። ብትነግረኝ ኖሮ ጠርዙን አደበዝዝልህ ነበር። ማሰሪያውንም ከመሐሉ ቅስት አድርጌ እቆርጥልህ ነበር።»

«በገንዘብ አይደለም ጋሼ» አልኩ። «በቆሎ ነው።»

«ስለ ገንዘብ ጠየቅኩህ?»

አልጠየቁኝም።

«ብነግርዎ ይሠሩልኝ ነበር?» አልኳቸው። ድምፄ ጥሩ አልነበረም።

አሰቡበት። ከልባቸው ነው ያሰቡበት፤ ጣታቸው መገጣጠሚያው ላይ እየሄደ። «አላውቅም» አሉ። «አልጠየቅኸኝማ።»

ትንሽ ቆይተው «ልኩን ከየት እንዳመጣሁት ነግሬህ ነበር» አሉ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። እናቴ እስከ በር ሸኘቻቸው። ተመልሳ ስትገባ ምንም አላለችኝም፤ ሳህኖቹን ብቻዋን አነሳች፣ ልርዳሽ ስላት አልሰጠችኝም።

ያን ማታ አልተኛሁም። ዝም ብዬ የማስበው ስለ ጉልበቱ ነበር። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሁላችንም ጉልበታችን እየተመታ፣ ክንዳችን እየተሰነጠረ ስንጫወት «ጋሼ ሲያረጁ እጃቸው ከበደ» ብዬ ለጓደኞቼ ነግሬአቸዋለሁ። በእውነት ብያለሁ። የሠሩት ግን ፍጹም ነበር። የምግብ ጠረጴዛ አልኳቸው፣ የምግብ ጠረጴዛ ሠሩልኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጉድለት ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ የተናገርኩት ቃል ልክ ነው። አንዱ 12 ሴንቲ ነው፣ አንዱ ስል ጠርዝ ነው።

ገመዱም አልለቀቀኝም። እርሳቸው ያን ልክ ለኔ ሲሰጡኝ የሰጡኝ መሥሪያ ብቻ አልነበረም። የወጣትነታቸውን ሥራ ነው፤ ገመዱን ጠበቅ አድርገህ ያዝ የተባሉበትን ቀን ነው። ለካርታ ቢሆን ላይሰጡኝ ይችሉ ነበር። መብታቸው ነበር። ወይም ደግሞ ይሰጡኝ ነበር፤ ያንንም አሁን አላውቀውም፣ እርሳቸውም አያውቁትም። ጥያቄው በጊዜው ስላልተጠየቀ መልሱ ጠፍቶ ቀረ። ይህ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ።

## ቅስቱ

በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጉልበት ስሜ ልነሳ ስል ያዙኝ። «ተው፣ ተው» አሉ። ስለ ካርታው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ሰክራችሁ ትጣላላችሁ ወይ አሉኝ። አንጣላም፣ ሻይ ነው የምንጠጣው አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ደስ ብሏቸው ነው ወይስ ላለማስከፋት፣ አልለየሁትም። ፊት እናነባለን ብለን የምንኩራራ ሰዎች ነን፤ የእርሳቸውን ማንበብ አልቻልኩም።

ሰኔ ላይ አንድ ከሰዓት መላጊያቸውንና ጠባቧን መጋዝ ይዘው መጡ። አልጠራኋቸውም። ጠረጴዛውን ገለበጥነው። መጀመሪያ የጠርዙን ስለት በሙሉ ዙሪያውን አደበዘዙት፣ ክንድ ሲያርፍበት እንደ ብርሌ አንገት እስኪሆን። ከዚያ ማሰሪያውን ጀመሩ። በየጎኑ መሐል ላይ ስድስት ሴንቲ የሚገባ ቅስት፣ ወደ እግሮቹ ሲቃረብ ግን ሙሉ ውፍረቱን ይዞ እንዲቀር። ጥንካሬው ያለው እዚያ ነው አሉኝ። እኔ ይዣለሁ፣ እርሳቸው ይቆርጣሉ። የጽዱ ሽታ እንደገና ግቢውን ሞላው። ሰባቱን ጨረሱ። ስምንተኛው ላይ እርሳስ አሰመሩና ዝናብ መጣ፣ መብራቱም ጠፋ። «ሌላ ቀን» አሉ። መጋዟን ጠርገው ወደ ቤታቸው።

ከዚያ ክረምቱ ከበደ፣ ጉንፋን ያዛቸው፣ ፍልሰታ ገባ። አሁን መስከረም ነው። ረፋድ ላይ እየወጡ ፀሐይ መሞቅ ጀምረዋል። ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ፣ «ጠረጴዛው እንዴት ነው?» ይሉኛል፣ ደህና ነው እላለሁ። አንዳንዴ እሑድ ክዳኑን ገጥመን፣ እናቴ ጠርታቸው ይመጡና አብረን እንበላለን። የሚቀመጡት ያው ጎን ላይ ነው። ለምግብ ጉልበት አይመታም።

ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼ ሲመጡ እዚያ ጎን ላይ ማን ይቀመጥ የሚል ጭቅጭቅ አለ። ዘንድሮ ብዙ ጊዜ የምቀመጥበት እኔ ነኝ። የእርሳስ መስመሯ አሁንም ከስር አለች፣ በጣቴ ስዳስሳት አገኛታለሁ።